«ውሻ ያዙ!»፦ በሊበን ገጠር ቡችላን ስለ ማሳደግና ስለ መግራት

ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ፣ ስለ በሬና ስለ ላም ያገራችን ሰው የሚያውቀው ብዙ ነው። የፈረስ መልክ የየራሱ ስም አለው፤ የበሬ ጠባይ ገና በጥጃነቱ ይነገራል፤ ወይፈን እንዴት ለቀንበር እንደሚገራ የማያውቅ ገበሬ አይገኝም። የውሻ ነገር ሲነሣ ግን ንግግሩ ያጥራል። ስሙም ቢሆን ለስድብ ካልተፈለገ በቀር በሰው ፊት እምብዛም አይጠራም። ይሁን እንጂ በሊበን ገጠር፣ ማለት በምዕራብ ጐጃም አገር፣ ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቡችላ በዚያ አገር እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚመገብና እንዴት እንደሚገራ፣ የዛሬው የእንስሳት ዕውቀትም ስለዚሁ ልማድ ምን እንደሚል ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጽፈው በተለይ ቡችላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚይዝ ሰው ነው፤ አዲስ ጎጆ የወጣ ገበሬም ይሁን፣ በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አስተማሪም ይሁን፣ የሚያጋጥመው ችግር አንድ ነው።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እንግለጽ። ቡችላ የሚሻ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው «ኃይለኛ ይወጣዋል ወይ?» ብሎ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ሲይዙት ይያዛል ወይ?» የሚለው ይመስለናል። ኃይለኛ ውሻ ማግኘት አያስቸግርም፤ ተርቦና ታስሮ ያደገ ውሻ ሁሉ ይናከሳል። ሲጮህ የሚያስደነግጥ፣ በቃ ሲሉት ደግሞ ዝም የሚል ውሻ ግን በሦስትና በአራት ወር ውስጥ በሚደረግ ሥራ ብቻ የሚገኝ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ጥገና ነው።

በመጀመሪያ የውሻውን ሥራ እንመልከት። በገበሬው ግቢ የውሻ ዋና መሣሪያ ጥርሱ ሳይሆን ድምፁ ነው። አንድ ውሻ ብቻውን ጅብን አያሸንፍም። ውሻው የሚጠቅመው ጅቡ በረቱ ሳይደርስ በመጮህ ባለቤቱን ስለሚቀሰቅስ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ተረትም የሚነቅፈው ይህን ሥራውን በጊዜው ያልሠራውን ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮና ጦጣ በቀን፣ ከርከሮና ጃርት በሌሊት ይመጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ውሻው ከጠባቂው ልጅ ጋራ ማማ ሥር ያድራል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም የታወቁበት በርበሬ ተለቅሞ በግቢ ሲሰጣም ውሻው ከሌባ ይጠብቃል።

ስለ ጅብ አንድ ነገር እንጨምር። በትግራይ ተደርጎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን የእንስሳት ጠጉር መርምሮ ነበር። የአህያ ጠጉር ከዐቢይ ጾም በፊት ከመቶ 15 ያህል፣ በጾሙ ጊዜ ግን ከመቶ 33 ያህል ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጾም ከብት አይታረድም፣ የሚጣል አጥንትና ሆድ ዕቃም የለም፤ ስለዚህ ጅቡ ፊቱን ወደ ቁም ከብት ያዞራል። እንግዲህ የውሻ ሥራ የሚከብደው ለውሻውም የሚጣልለት ሥጋ በሌለበት ወራት ነው ማለት ነው። ይህን ስለ ምግብ ስንናገር እንመለስበታለን።

ውሻው ከሌሊቱ አውሬ ይልቅ አዘውትሮ የሚያጋጥመው ግን የቀን ሰው ነው። እንግዳ ወደ ግቢ ሲቃረብ ዱላውን ይዞ ከአጥሩ ውጪ ይቆምና «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጣራል። ከቤት ውስጥ አንድ ልጅ ሮጦ ይወጣል፤ የውሻውን አንገት አቅፎ ወይም በጉልበቱ መካከል አስገብቶ «ይግቡ፣ ይዤዋለሁ!» ይላል። እንግዳውም ዓይኑን ከውሻው ሳያነሣ ያልፋል። ይህን በሺህ ጊዜ ያየነው ነገር ስለሆነ ልብ አንለውም እንጂ የውሻ ማሳደግ ፈተናው ሁሉ በዚህች ደቂቃ ውስጥ ይገኛል። ያዡ ብዙ ጊዜ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ ሊይዘው የማይችል ውሻ፣ ጀግና ቢሆንም፣ ቤቱን ከጐረቤት ይቈርጠዋል። ውሻው ክፉ ነው ተብሎ ወደሚታወቅ ቤት እሳት ሊጭር እንኳ የሚመጣ የለም፤ ለደቦ ሲጠሩ ሰው ያመነታል፤ የጤና ሠራተኛዋም ከአጥሩ ውጪ ቆማ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ቡችላው እንምጣ። በገጠር ቡችላ አይገዛም፤ ይለመናል እንጂ። ውሻዋ ከ63 ቀን ያህል እርግዝና በኋላ ስትወልድ ጐረቤት ወንዱን አስቀድሞ ያዝዛል፤ ሴቶቹ ግን ፈላጊ ስለማያገኙ ብዙ ጊዜ ወጥተው ይጣላሉ። ሴት ውሻ ለጥበቃ አታንስም፤ የሚፈራው ወላድነቷ ነው። መራጩ ቡችሎቹን አንድ በአንድ በማጅራታቸው ያንጠለጥላል፤ ያልጮኸው ደፋር ነው ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ፈተና ምን ያህል እንደሚያስተማምን መናገር ያስቸግራል፤ ያልጮኸው ቡችላ ደፋር ሊሆን ይችላል፣ ደካማ ወይም ሕመምተኛም ሊሆን ይችላል። ከማንጠልጠል ይልቅ ጥቂት ራቅ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ ማለትና እጅን ዘርግቶ «ኩቲ፣ ኩቲ» ብሎ መጣራት ይሻላል። ወደ ሰው የሚመጣው፣ ሲያጨበጭቡ ደንገጥ ብሎ ግን ወዲያው የሚመለሰው ቡችላ ጥሩ ነው። ከጥጉ የማይወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለሚይዝ ሰው አይሆንም።

ትልቁ ነገር የሚወሰድበት ዕድሜ ነው። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በሁለተኛው ሳምንት፣ ጆሮው የሚከፈተው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በገጠር ብዙ ጊዜ መብላት ጀመረ ሲባል፣ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ይወሰዳል። ይህ ፈጽሞ ይቸኩላል። ቡችላ የንክሻን ልክ የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው፤ ጠንክሮ የነከሰው ወንድሙ ሲጮህና ጨዋታውን ሲተው፣ እናቱም ስትቈጣው፣ ጥርሱን ማለዘብ ይለምዳል። ይህን ትምህርት ሳይጨርስ የተወሰደ ቡችላ የልጆችን እጅ ያደማል።

በሌላው ወገን ደግሞ እጅግ መዘግየትም አለ። በአሜሪካ በባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ታትሟል። ቡችሎችን ከነእናታቸው ከፍ ባለ አጥር በተከበበ መስክ ውስጥ ያለ ሰው ግንኙነት አሳደጉ። ከነዚህም አንዳንዱን በ2ኛው፣ አንዳንዱን በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛው ወይም በ9ኛው ሳምንት ለአንድ ሳምንት ብቻ አውጥተው ከሰው ጋራ አዋሉት። ጥቂቶቹን ደግሞ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ማንም ሳይነካቸው ተዉአቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከዚያ በኋላ እንደ ዱር አውሬ ሆነው ቀሩ። እዚያው ላቦራቶሪ ለብዙ ዓመት የሠሩት ስኮትና ፉለርም በ1965 ባወጡት መጽሐፍ ቡችላ ከሰው ጋራ የሚዋደድበት በር ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ክፍት እንደሚሆን ገልጸዋል። ስለዚህ በስምንተኛው ሳምንት መውሰድ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አራትና አምስት ሳምንታት እንደ ወርቅ ሊቈጠሩ ይገባል።

እነዚህ ሳምንታት በእኛ አገር እንዴት ያልፋሉ? ቡችላው እንዲከፋ ተብሎ ሰው ከማያይበት ጓዳ ወይም ከጎተራ ሥር ይታሰራል። «ሰው ከለመደ ዋጋ የለውም» ይባላል። ጆሮው ይቈረጣል። እንዲቈጣ በርበሬ የሚያበሉትም አሉ፤ የበርበሬ አገር እንደ መሆኑ ይህ አይቸግርም። በርበሬው የሚያመጣው ግን ቁጣ ሳይሆን የሆድ ሕመም ነው። የመታሰሩ ነገር ግን በእውነት ይሠራል፤ ውሻው ክፉ ይሆናል። ክፋቱ ግን ከጀግንነት የመጣ አይደለም፣ ከፍርሃት ነው። ሰውን በልጅነቱ ያላየ ውሻ ሰው ሁሉ ያስፈራዋል፤ የሚፈራ ውሻ ደግሞ የሚናከሰው የሚችለውን ነው። ጅብ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይሸሻል፤ ልጅ ስትወድቅ ይነክሳታል። ከኋላ መጥቶ ባት ነክሶ የሚሸሸው ውሻ በሙሉ የዚህ አስተዳደግ ፍሬ ነው ለማለት ባንደፍርም፣ አብዛኛው እንደዚያ ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ ቡችላው ወደፊት የሚያጋጥመውን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ይየው። ጥላ የዘረጋ ቄስ፣ ጀሪካን የተሸከመች ሴት፣ ጋቢ ተከናንቦ ዱላ የያዘ ሽማግሌ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ እህል የተጫኑ አህዮች፣ የጅራፍ ጩኸት፣ ባጃጅ፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፤ እነዚህ ሁሉ ለአዲስ ጆሮና ዓይን ትልልቅ ነገሮች ናቸው። በእቅፍ ይዞ ከአጥሩ በር ላይ ቁጭ ማለት ይበቃል። ሲፈራ ወደ ነገሩ መጎተት አይገባም፤ ራቅ ብሎ ይቈይና ሲረጋጋ ይቅረብ። ይህን ያየ ውሻ ጥበቃውን ይተዋል የሚለው ሥጋት ከንቱ ነው። ውሻ አድጎ ልቡን ሲያገኝ በግቢው ላይ ባዕድ ሲመጣ መጮሁን ማንም ሳያስተምረው ይጀምራል፤ ለየትኛው መጮህ እንደማያስፈልግ ግን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከብት ጠባቂ ውሾች በሚታወቁበት አገርም ይኸው ነው። በቱርክ የካንጋል፣ በጣሊያን የማሬማ ውሻ ቡችላ ገና በሁለት ወሩ ገደማ ከበጎች መካከል ያድራል፤ በጎቹን እንደ ቤተ ሰቡ ስለሚቈጥር ያድናቸዋል። በናሚቢያም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ ገበሬዎች አቦ ሸማኔን ከመግደል ይልቅ በውሻ እንዲከላከሉ እንደዚህ ያሉ ቡችሎች ይሰጧቸዋል። በሊበንም ቡችላው ከጥጆቹ በረት አጠገብ ቢያድር ከብቱን ማባረር ሳይሆን መጠበቅ ይለምዳል። ዶሮን ግን በተለይ ማስለመድ ያስፈልጋል፤ የሚሮጥ ዶሮ ላልተገራ ቡችላ ጨዋታ ነውና።

ስለ ምግብ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገር፤ አዲስ ባለ ውሻ ከሁሉ የሚደነግጠው በእድገቱ ፍጥነት ነውና። በቤተ ሰባችን ግቢ ያለውን ቡችላ በበርበሬ ሚዛን እየሰቀልን ብንከታተለው በስምንት ሳምንቱ 4 ኪሎ ያህል የነበረው በአምስት ወሩ ከ12 ኪሎ አለፈ። መካከለኛና ተለቅ ያለ ውሻ በአራትና በአምስት ወሩ የሙሉ ክብደቱን ግማሽ ያህል ይደርሳል። የሰው ልጅ ለዚህ ዐሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አጥንቱም፣ ጡንቻውም፣ ጥርሱም በአንድ ጊዜ እየተሠራ ስለሆነ በቀን አንድ ጊዜ ቁራሽ መወርወር አይበቃውም። እስከ ሦስት ወሩ በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወሩ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይስጡት። በአንጻሩ ቶሎ ይፈርጥም ብሎ ማጨቅም ይጎዳል፤ ገና ያልጠና አጥንት ከባድ ገላ ሲጫንበት መገጣጠሚያው ይበላሻል። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚቈጠር፣ በዓይን ሲታይ ግን የማይቈጠር ቢሆን ልኩ ነው።

የቤታችን ምግብ ለውሻ እንዲሁ ይስማማል ብሎ ማሰብ አይገባም። ወጥ የነካው እንጀራ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ እነዚህ የውሻን ደም ያፈርሳሉ። አንድ ቀን በልቶ ባይወድቅም ሲደጋገም ያደክመዋል። የጠላ አተላም ለቡችላ አይሆንም። የበቆሎ ወይም የዳጉሳ ገንፎ፣ ቂጣ፣ ያልተቀመመ ንፍሮ ተፈጭቶ ወይም በደንብ በስሎ፣ ከአሬራና ከአጓት ጋራ ሲቀላቀል ደኅና መነሻ ነው። አሬራ ከጥሬ ወተት ይሻላል፤ ጥሬ ወተት ብዙ ቡችሎችን ያስቀምጣል።

አሁን ወደ ጾሙ እንመለስ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በጥር የተወለደ ቡችላ ከእናቱ ተለይቶ ያለ ልክ የሚያድግበት ወራት ከሞላ ጎደል በዚሁ ጾም ላይ ይወድቃል። ሥጋ የለም፣ አጥንት የለም፤ የሚጣለው እንጀራ ብቻ ነው። እንጀራ ብቻ የበላ ቡችላ ሆዱ ይነፋል፣ እግሩ ይቀጥናል፣ ጠጉሩ ይሻክራል። ሰውየው «ዘሩ አይደለም» ይላል፤ ዘሩ ግን በደል የለበትም። ላሟ በጾምም ትታለባለች፣ ቅቤም ይወጣል፤ ስለዚህ አሬራው ከልጆች የተረፈው ለቡችላው ይድረሰው። ባቄላና ሽንብራ ያለ ቅመም ተቀቅሎ ከገንፎው ጋራ ይደባለቅ። ዕንቁላል ቢገኝ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ወቅት ዕንቁላል ለጨውና ለሳሙና መግዣ የሚሸጥ ስለሆነ ለውሻ ስጡ ብለን ለመምከር አንደፍርም።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ለፋሲካ በሬና በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ እጢ ያለበት ጉበትና ሳንባ «ይህ አይበላም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። በዚያ እጢ ውስጥ ያለው ዘር በውሻው አንጀት ውስጥ ኮሶን የመሰለ፣ ነገር ግን ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትል ይሆናል። ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላ ዕንቁላሉ ከውሻው ኩስ ጋራ በሣርና በግቢ ይበተናል፤ ከብት በሣር፣ ልጅ ውሻውን ዳስሶ በእጁ ይበላዋል። ከዚያም በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ እንደዚያው ያለ እጢ ቀስ ብሎ፣ አንዳንድ ጊዜ በብዙ ዓመት፣ ያድጋል፤ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። መከላከያው ግን አንድ ጉድጓድና አንድ ድስት ነው፤ እጢ ያለበት ይቀበር፣ ለውሻ የሚሰጠውም ይቀቀል። የበሰለ አጥንት ግን አይስጡት፤ ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ለቡችላው የትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም መጠየቅም ይገባል፤ አንዳንዱ ትል ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ይገባበታልና።

ስለ መግራት የምንለው ረጅም አይደለም፤ ሥራው ግን በየቀኑ ነው። ለቡችላው አጭር ስም ይውጣለት። በከተማ ቦቢና ቡቺ ይበዛሉ፤ በገጠር «መከታ» ወይም እንደዚያ ያለ ይወጣል። ስሙ ለመልካም ነገር ብቻ ይጠራ፤ በስሙ ጠርቶ የሚመታ ሰው ስሙን ማባረሪያ ያደርገዋል። ሩስያዊው ፓቭሎቭ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሊቅ፣ ውሻ ምግብን አስቀድሞ ከሚመጣ ምልክት ጋራ አጣምሮ እንደሚያስታውስ አሳይቷል። ቁም ነገሩ ጊዜው ነው። ሽልማቱም ተግሣጹም በዚያችው ቅጽበት ካልመጣ ውሻው ከምኑ ጋራ እንደሚያያይዘው አይታወቅም። ጠዋት ጠፍር የበላውን ቡችላ ማታ ከሥራ የመጣው ባለቤት ቢደበድበው፣ ቡችላው የሚማረው ባለቤቱ ማታ ሲመጣ እንደሚመታ ብቻ ነው። ከአራተኛው ወር እስከ ሰባተኛው ወር 28ቱ የወተት ጥርሶች ወልቀው 42ቱ ቋሚ ጥርሶች ስለሚተኩ ድዱ ያሳክከዋል፤ መጫኛውንና ጫማውን ከፍ አድርጎ መስቀል፣ የሚያኝከው የራሱ ቁራጭ ገመድ መስጠት ከዱላ ይሻላል።

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የውጭ አገር መምህር ውሻቸውን «ተቀመጥ» ሲሉት ቂጡን መሬት ሲያስነካ እያየን እንስቅ ነበር። ለገበሬው ግቢ መቀመጡ ምንም አይረባም። የሚረባው ሌላ ነው፤ እርሱም «ውሻ ያዙ» የሚለውን ጩኸት መልመድ ነው። ከዐሥረኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰው እንግዳ ሆኖ ከአጥሩ ውጪ ይቁምና ይጣራ። ውሻውን ይይዛል የሚባለው ልጅ ራሱ ቡችላውን በስሙ ይጥራው፣ አንገቱን ይያዝ፣ ቁራሽ ያጉርሰው፤ እንግዳው ካለፈ በኋላ ይልቀቀው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲደጋገም ቡችላው ጩኸቱን ሲሰማ ወደ እንግዳው ከመሮጥ ወደ ልጁ ይሮጣል። ቡችላው ሲያድግ የልጁ ጉልበት አይበቃም፤ ልማዱ ግን ይበቃል። አንገቱን ለገመድ ማስለመድም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ለአጭር ጊዜ፣ ሰው ባለበት፣ ምግብ እየበላ።

በተቃራኒው ልጆች በጣም የሚወዱት ጨዋታ «ጃስ!» ማለት ነው። ቡችላውን በለማኝ፣ በመንገደኛ ወይም በሌላ ሰፈር ልጅ ላይ ይሰዱታል፤ ትንሽ ስለሆነ ሁሉ ይስቃል። በስምንት ወሩ ግን ያው ጨዋታ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ጨዋታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መከልከል ይገባል። ትልቅ ውሻ ያለበት ቤትም ቡችላው ከማን እንደሚማር ይታወቅ። ወይፈን ከበሬ ጋራ ተጠምዶ እንደሚማር ሁሉ ቡችላም ከትልቁ ውሻ ይማራል፤ ትልቁ አጥር የሚቀድ ከሆነ ታናሹም ይቀዳል፤ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውም ከዚያ ይከተላል።

ከስድስተኛው ወር እስከ ዓመቱ ያለው ጊዜ አዲስ ባለቤት የሚማረርበት ነው። ገላው ትልቅ ውሻ ነው፤ ልቡ ግን የቡችላ ነው። ሲጠሩት እንዳልሰማ ይሆናል፣ ሰው ላይ ይዘላል፣ ይጠፋል። ተበላሸ ተብሎ በሰንሰለት የሚታሰረው ወይም ወደ ሩቅ ገበያ ተወስዶ የሚጣለው በዚህ ጊዜ ነው። በእውነቱ አልተበላሸም። ስሙን፣ መያዝን፣ ገመድን እንደ ገና እንደ ትንሽ ቡችላ መከለስና እስኪበስል መታገሥ ነው። ቀኑን ሁሉ ማሰር ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል መናከስን ብቻ ይማራል።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ጠባይ ነው። ንክሻ ግን በአገራችን ከቁስል አልፎ የሞት ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከመቶ 99 ያህሉ በውሻ ነው። በበሽታው በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል፤ ሉዊ ፓስተር በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1885 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከከተበበት ቀን ጀምሮ ይህ የታወቀ ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ ለ14 ቀን በተከታታይ ሆድ ላይ የሚወጋ ስለ ነበር ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው ይሸማቀቃል፤ በሕዋስ እርባታ የሚሠራው አዲሱ ክትባት ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ክንድ ላይ የሚወጋ ነው። የተነከሰ ሰው ወደ ጠበል ቢሄድ የሚከለክለው የለም፤ ነገር ግን ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ሳይውል ሳያድር ይሂድ። ከሥራ ሥር የሚቀመም መድኃኒት የሕክምናውን ጊዜ ያስመልጣል፤ ራሱም ሊጎዳ ይችላል።

የባለ ውሻው ድርሻ አስቀድሞ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ይከተብ፤ በዓመቱ ይደገም፤ ከዚያም ሐኪሙ እንደሚያዘው ይቀጥል። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል፤ ስለዚህ አንድ ሰው የሚያስከትበው ውሻ ለጐረቤቱም ነው። ሕጉም ቢሆን ባለቤቱን አይለቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው በድንገት ከቁጥጥር ቢያመልጥም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ገና ቡችላ ነው የሚለው መልስ በሽማግሌም ሆነ በዳኛ ፊት አያዋጣም።

በመጨረሻ አንድ የተለመደ ነገር እንጥቀስ። ውሻ ሰው ሲነክስ መንደሩ ወጥቶ ወዲያው ይገድለዋል። ቁጣው ይገባናል፤ ለተነከሰው ሰው ግን አይጠቅምም። ውሻው በሕይወት ቢያዝና ለ10 ቀን ቢጠበቅ፣ በነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቈየ በነከሰበት ቀን በሽታውን ለማስተላለፍ አልደረሰም ማለት ነው፤ የተነከሰውም ሰው የጀመረውን ክትባት ሐኪሙ ሊያቋርጥለት ይችላል። ክትባቱ ግን ውጤቱን ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ቀን ይጀመራል። ውሻው በነዚያ ቀናት ቢታመም ወይም ቢሞት ለእንስሳት ሐኪም መንገር ይገባል፤ ማንም በባዶ እጁ አይንካው። ለዐሥር ቀን በግቢ ውስጥ ታስሮ፣ ከሰውና ከከብት ተለይቶ፣ ሳይናደድ ምግቡን እየበላ ሊቈይ የሚችለው ደግሞ በሦስት ወሩ ገመድን የለመደው ውሻ ነው።